የአባት ጎራዴና የልጅ ሞረድ

ከአባት የተወረሰ ጎራዴ ከግድግዳ ወርዶ በልጅ እጅ በገባ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚታሰበው ዝገቱን ማስለቀቅ ነው። በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ ወይም በሻሸመኔ የሚኖር ወራሽ ይህን ቢያስብ አንነቅፈውም፤ ንጹሕ ነገርን መውደድ የሰው ጠባይ ነውና። ነገር ግን ዝገትን የሚፍቅ እጅ ከዝገቱ ጋር ሌላ ምን ይፍቃል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገቡት ጎራዴዎች ከፊሎቹ ብረታቸው የተሠራው በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ነበር። በብረቱም ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሑፍ ይገኛል። የቅርጹ ጥልቀት ጥቂት ስለ ሆነ፥ አሸዋና ሞረድ በአንድ ቀን ያጠፉታል። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተበጀ እንደ ሆነም፥ የተሰበረውን በአምሳያው መተካት አይቻልም፤ የቀንዱ ንግድ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏልና። የሰገባው ቆዳ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በቆዳው ውስጥ የቀረው አሲድ ደግሞ ብረቱን ያዝጋል። ስለዚህ የቅርስ ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ለያይተው ያኖራሉ።

የጃቫ ሰዎች ክሪስ የሚባለውን ጩቤ በሎሚ ጭማቂ ያጥባሉ፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ሐረግ እንዲገለጥ ነው። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ክሪስን ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች ቈጥሮታል። በዚያ ማክበር የሆነው ሥራ ግን በእኛ ጎራዴ ላይ ቢደረግ ማጥፋት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው በስለቱ ላይ ያለው ሽርፈት ነው። ሽርፈቱ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ወንድም ከወንድሙ በተጋጠመ ጊዜ፤ ወይም በ1870ዎቹ ዓ.ም. በዚሁ ሸለቆ ዳር በአርሲ ምድር በተደረገው ዘመቻ። የባቡር ሐዲድ ባሳደጋት በአዳማ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። ለአንዱ ቤት ክብር የሆነው ብረት ለሌላው ቤት ኀዘን ነው።

«ታዲያ ክፉ መታሰቢያ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» የሚለን አይጠፋም። ሞረድ ምልክቱን እንጂ ትዝታውን አይፍቅም። ምስክሩ ከጠፋ በኋላ ሁሉም እንደ ወደደ ይተርካል፤ ክርክሩም ዳኛ ያጣል። ጎራዴውን ያሳመረ ልጅ እንግዲህ አባቱን አላከበረም፤ የአባቱን ቃል አስለወጠ እንጂ።

ይህን ማለታችን ዝገት እንዳሻው ይብላው ማለት አይደለም። ቸል የተባለ ዝገት ራሱ ሞረድ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ የተሰበሰቡት የሐውልት ጠጋኞች ጥገና ግምት በሚጀምርበት ስፍራ እንዲቆም ወስነዋል። የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚጠግን ሁሉ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ወራሽ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ባለ አደራም ነውና። ስለዚህ የልጅ ተግባር አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማንሣት፥ ብረቱን ጥቂት ዘይት መቀባት፥ የቀረውን ለሚያውቅ መስጠት ነው። ሽርፈቱን ግን ይተወው፤ የልጅ ልጁ እንዲጠይቅበት።