መካሪውን ማን ይምከረው?



ልጃችሁን ወይም ታናሽ እኅታችሁን «የስብዕና ግንባታ» ወደሚባለው ሥልጠና ልካችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ እንዲህ ያለው ሥልጠና በየአዳራሹና በየኮሌጁ፣ አንዳንዴም በመስጊድ ግቢ ባሉ የትምህርት ክፍሎች ይሰጣል። ቁጣን ስለመቆጣጠር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሕይወት ዓላማ ይነገራል። አሠልጣኙ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል፤ ሠልጣኞቹ ይሥቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ። ሲያልቅ እያንዳንዱ የከበደውን ነገር አሠልጣኙ ላይ አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሠልጣኙስ? እርሱ የከበደውን ይዞ ወዴት ይሂድ?

እኔም ከእነዚህ አሠልጣኞች አንዱ ስለሆንኩ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አላወራውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወጣቶች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠልጣኞቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አድርጌ በልጅነታቸው ልባቸውን ያቆሰለውን ነገር እንዲናገሩ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ «እኔ ይለፈኝ» አለች። እኔ ግን «እዚህ ሁላችንም ወንድምና እኅት ነን፤ አውጪው፣ ይቀልልሻል» እያልኩ ገፋሁባት። ተናገረች። አለቀሰች። አዳራሹም አብሯት አለቀሰ። ያን ማታ ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥልጠናው እንደያዘልኝ ለባለቤቴ አወራሁላት። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን አልመጣችም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ከስድስት ወር በኋላ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አገኘኋት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው መቀላቀል ትታ፣ ትምህርቷንም አቋርጣ ቤት መዋሏን የነገረችኝ እርሷ ናት። ለካ በዚያ ክብ ውስጥ የተናገረችው ነገር ከአዳራሹ ወጥቶ ሰፈሯ ደርሷል።

ይህን ለማን ልናገር? ለባለቤቴ ብናገር የልጅቷን ገመና ማውጣት ሆነብኝ። ለአዘጋጆቹ ብናገር ሁለተኛ የሚጠሩኝ አልመሰለኝም። ለሌሎቹ አሠልጣኞችስ? እኛ እኮ የምንተዋወቀው ማስታወቂያ ላይ በሚለጠፈው ፎቶግራፋችን ነው። ማን ስንት ሰው እንደሰበሰበ እንከታተላለን እንጂ ማን ምን እንዳጠፋ አንጠያየቅም። ስለዚህ ዝም አልኩ። በተከታዩ ወር የሰጠሁት ሥልጠና ርእሱ «ሐቀኝነት» ነበር።

እንዲህ ያለው ጥፋት የእኔ ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። በኋላ ግን ሊበርማን፣ ያሎምና ማይልስ የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ስላሳተሙት ጥናት አነበብኩ። ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከ200 በላይ ተማሪዎች በዚያ ዘመን በስፋት በሚካሄዱት የራስን ማወቂያ ቡድኖች ውስጥ ገብተው ነበር። ከእነርሱ መካከል 16ቱ ቶሎ ያልለቀቃቸው የመንፈስ ጉዳት ደርሶባቸው ተገኘ። ጉዳቱ በብዛት የታየው ንግግራቸው በሚያቃጥል፣ ግርማ ባላቸውና «አውጣው፣ ተናገረው» እያሉ በሚገፉ መሪዎች ቡድን ውስጥ ነበር። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማን እንደተጎዳ ሲጠየቁ መሪዎቹ ብዙውን ጊዜ አላወቁም። ይበልጥ ያወቁት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ሁሉን የሚያይ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚያየው ግን ጭብጨባውን ነው።

ለመሆኑ ይህ ዕውርነት ከሥራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነውን? የሥራውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ ሰው እንዲህ አይልም። ዛሬ እኛ የምንቀዳው የቡድን ሥልጠና አንዱ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1946 በጋ፣ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የተደረገ ስብሰባ ነው። ከርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቡና ምሁርና ባልደረቦቹ በዘርና በሃይማኖት የተነሣ የሚፈጠረውን ጥላቻ ለማርገብ የሚሠሩ ሰዎችን ያሠለጥኑ ነበር። አሠልጣኞቹ በየማታው ለብቻቸው እየተሰበሰቡ የቀኑን ውሎ ይገመግማሉ። አንድ ማታ ከሠልጣኞቹ ጥቂቶቹ ገብተን እናዳምጥ ብለው ጠየቁ። ገቡ፤ ስለራሳቸው የሚባለውን ሰሙ፤ «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» ብለውም ተከራከሩ። ከዚያ ክርክር አሠልጣኞቹ ከትምህርታቸው የበለጠ ነገር አገኙ። ሌዊን በተከታዩ ዓመት በየካቲት ሞተ፤ ባልደረቦቹ ግን በዚያው ዓመት በጋ በሜይን ግዛት ቤተል በምትባል ከተማ ሥራውን ቀጠሉበት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዘዴው ራሱ የተወለደው አሠልጣኞች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ማታ ነው። እኛ የቀኑን ወስደን የማታውን ጣልነው። በለንደንም ማይክል ባሊንት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞችን በትንንሽ ቡድን እየሰበሰበ፣ ያስቸገራቸውን በሽተኛና በሽተኛው በውስጣቸው የቀሰቀሰውን ስሜት እንዲያወጉ ያደርግ ነበር።

«ይህ ለእነርሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው ነውሩን ይሸፍን፣ የሌላውንም አይግለጥ ተብሏል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔንም ለረጅም ጊዜ ዝም ያሰኘኝ ይኸው ነበር። አሠልጣኝ ለባልደረባው ሲናገር ሁለት ነገር ያወጣል፤ የራሱን ድካምና የሠልጣኙን ምሥጢር። የመጀመሪያው ኃጢአትን ማወጅ፣ ሁለተኛው ሐሜት አይሆንምን?

በመጀመሪያው ላይ የሐንዘላን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። ሐንዘላ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። ከነቢዩ ዘንድ ሲሆን ጀነትንና ጀሀነምን በዓይኑ የሚያይ እስኪመስለው ልቡ ይነቃል፤ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከሥራው ጋር ሲሆን ያ ሁሉ ይጠፋበታል። ይህ ንፍቅና ነው ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። ታዲያ አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም፤ ቤቱ ዘግቶም አልተቀመጠም። የነገረው ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ነው። አቡበክርም «አንተማ ደካማ ነህ» አላለውም፤ እኔም እንዳንተው ነኝ አለው እንጂ። ከዚያም ሁለቱ አብረው ወደ ነቢዩ ሄዱ፤ ነቢዩም የሰው ልብ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ መሆኑን ነግረው አረጋጓቸው። ሐንዘላ ድካሙን የነገረው ሊታከም ነው። ኃጢአቱን የሚያውጅ ሰው ግን የሚፈልገው ሕክምና ሳይሆን ተመልካች ነው። (መድረክ ላይ የራሱን ጉድለት እየተረከ አዳራሽ የሚያስለቅስ አሠልጣኝም አለ። እርሱን ከሐንዘላ ጋር አታደባልቁብኝ።)

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ምሥጢሩ የእኔ አይደለምና። ሂንድ ባሏ አቡ ሱፍያን ንፉግ መሆኑንና ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትነግር ሐሜት ነው ተብላ አልተከለከለችም፤ መፍትሔ ጠያቂ ነበረችና። ዑለማዎች ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ይህን ይጠቅሳሉ፤ ሆኖም ስም ሳይጠሩ «አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ» ብሎ መጠየቁ የተሻለ መሆኑን ያክሉበታል። ታዲያ አሠልጣኝ ከዚህ ምን ያጣል? ስም፣ ሰፈር፣ የቤተሰብ ሁኔታ አያስፈልገውም። እኔ እኮ ልጠይቅ የሚገባኝ ስለ ልጅቷ አልነበረም፤ ስለራሴ ነበር።

«ታላላቆቹ ሰዎች ሲጨንቃቸው ከሰው ይርቁ ነበር» የሚልም አለ። ኢማም አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 በባግዳድ ኒዛሚያ፣ በክብራቸው ጫፍ ላይ ሳሉ ምላሳቸው ተሳስሮ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞቹም ችግሩ ከልብ ነው አሉ። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን ትተው ከከተማይቱ ወጡ። እውነት ነው፣ የመረጡት ብቸኝነትን ነው። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ማስተማር ለመመለስ ሲያስቡ ስለ ልብ የሚያውቁ ሰዎችን አማክረዋል፤ እነርሱም በአንድ ቃል ይውጡ እንዳሏቸው ራሳቸው ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ገዛሊ አይደለን፤ የቤት ኪራይ አለብን።

እኔ በመጨረሻ ለአንድ ባልደረባዬ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እኔም አንድ አለችኝ» አለ። ዛሬ አራት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በአንዳችን ቤት እንቀመጣለን። ሁልጊዜ ይሠምራል አልልም። በመጀመሪያዎቹ ወራት እርስ በርስ መወዳደስ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ አዘጋጆችን ማማት። አንድ ጊዜም ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው ስም ጠርቶ ስብሰባውን በዚያው ዘግተናል። ግን ሁለት አዳራሽ ሙሉ ሰው ያልጠየቀኝን ጥያቄ የጠየቀኝ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ነው፤ «ልጅቷ እንድትናገር የፈለግከው ለእርሷ ብለህ ነው፣ ወይስ ለእንባው?»

እናንት አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት አሠልጣኙ ስንት ምስክር ወረቀት እንዳለው ትጠይቃላችሁ። ሲሳሳት የሚነግረው ለማን እንደሆነም ጠይቁት። የአሠልጣኝ ባለቤት የሆናችሁም ዝም አትበሉ፤ ሰልማን (ረ.ዐ.) የወንድሙን የአቡ ደርዳእን ጉድለት ያወቀው ሚስቱ ራሷን ጥላ ስላያት ነው እንጂ እርሱማ ቀን እየጾመ ሌሊት እየሰገደ ነበር።

ሦስቱ የመከሩኝ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። በጓደኛዋ በኩል ፈቃድ አስጠይቄ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እናቷ ተቀበሉን፤ ቡና አፈሉ። ያጠፋሁትን ሳላሳጥር ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ልጅቷ ጓዳ ነበረች፤ የስኒ ድምፅ ይሰማል፤ ግን አልወጣችም። ስንነሣ እናቷ እስከ በሩ ሸኙንና «ዛሬ አልሆነላትም፤ ሌላ ቀን ደግሞ ኑ» አሉን።