ጭሱ ወደ ውስጥ ሲሳብ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ፣ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የሚጠላውን ሲያደርግ ስለሚገኝ ሰው ይናገራል። ሲጋራን ለመተው ደጋግሞ የማለና ደጋግሞ የወደቀ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ወደ ሳንባ ከተሳበ ከ10 እስከ 20 በሚሆኑ ሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን በ2 ሰዓት ያህል በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውነት ያጣውን መልሶ ይጠይቃል፤ ንዴትና ጭንቀትም ይከተላሉ። አጫሹ «ሲጋራ ያረጋጋኛል» ይላል፤ የሚያረጋጋው ግን በአብዛኛው ሲጋራው ራሱ ያመጣውን ሁከት ነው።

ብዙዎች በዐቢይ ጾም «ከ20 ወደ 10 ዝቅ አድርጌአለሁ» ብለው ይጽናናሉ። አሳቡ በጎ ነው። ሆኖም ሰውነት የለመደውን መጠን ያውቃል፤ ቁጥሩ ሲያንስበት አጫሹ ሳይታወቀው ጭሱን አጥልቆ ይስባል፣ ደጋግሞም ይምጋል። «ላይት» እየተባሉ ይሸጡ የነበሩት ሲጋራዎች ነገርም ይኸው ነው። በማጣሪያቸው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመለኪያ መሣሪያ ላይ ጭሱን ያሳሱታል፤ በሰው እጅ ሲገቡ ግን ጣትና ከንፈር ይደፍኗቸዋል። መሣሪያ ሱስ የለበትማ! ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003፣ አሜሪካም በ2010 ይህን ስያሜ ከልክለዋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ከመጠን ያለፈ ትንባሆን ራስን ከመግዛት ምግባር ጋር አያይዞ ይነቅፋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2017 ቫቲካን ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ ለሠራተኞቿ ሲጋራ መሸጥ እንድታቆም ወስነዋል። ነገር ግን ያው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735 ልማድ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል ያስተምራል። ይህን ሁለተኛውን ስንዘነጋ አጫሹን ከንስሐ ወንበር እናርቀዋለን፤ እርሱም ሲጋራውን ሳይሆን እኛን ይሸሻል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ሊተው የሚታገለውን ሰው «ዛሬ ስንት አጨስህ?» ብላችሁ አትቁጠሩበት። ወደ ጤና ባለሙያ ምሩት። ኒኮቲንን በፕላስተር ወይም በማስቲካ መልክ የሚሰጡት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸውና፣ እነርሱን መጠቀም የእምነት ድካም አይደለም። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፍላጎቱ እየላላ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት ደጁን አንኳኩ፤ በተለይ ቡና ሲፈላ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ብዙዎችን የሚፈትናቸው ሲኒው ሲቀርብ ነውና።