የእህታችን ላብ አማና ነው

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ከቀራችሁ በኋላ ሱረቱል ቀሰስንም ገለጥ አድርጉ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ነፍሳቸውን ለማዳን ከግብፅ ወጥተው መድየን ሲደርሱ ስንቅም ዘመድም አልነበራቸውም። የሁለት እህትማማቾችን መንጋ አጠጡላቸው፤ ከዚያ ጥላ ስር ሆነው ችግራቸውን ለጌታቸው ነገሩ። ወዲያው ሥራ ተገኘ። ዘመኑ ስምንት ዓመት ነው፤ አስር ቢሞሉት በፈቃዳቸው። ክፍያው ታውቋል፤ አሠሪውም ሊያስቸግራቸው እንደማይፈልግ ገልጿል፤ በውሉ ላይ አላህ ምስክር ሆኗል።

ስለዚህ ሠርቶ ለመብላት አገር መልቀቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ያለ ፍትሕ ማሠራት ነው።

አሁን ከወሎ ወይም ከጅማ ወደ ሳዑዲ የሄደችውን እህታችንን እናስብ። ለምን ሄደች? የአባቷ መሬት ተከፋፍሎ አልቋል። ተምራም ሥራ የለም፤ ቢገኝም ደሞዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም። የጎረቤት ልጅ ደግሞ የእናቷን ሳር ቤት ቆርቆሮ አልብሳዋለች። ደላላው ይህን ሁሉ ያውቃል።

እዚያ ስትደርስ ኢቃማዋ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ደሞዝ ተከልክላ ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ የምትባለው እሷ ናት። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተሟጋቹ አላህ ራሱ እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል።

ግን እኛስ ወንድሜ? በኢሞ ስትደውል «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እኛ ቶሎ ብለን «መቼ ትልኪያለሽ?» እንላለን። ብሩ በጫትና በስልክ ያልቃል። «እህቴ ትልክልኛለች» ብሎ የቀን ሥራ የሚንቅ ጎረምሳ በየሰፈሩ አለ። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ገቡ። በስሟ ምንም ያልቆያት እህት ደግሞ ያንኑ መንገድ እንደገና ትጀምራለች።

ሱረቱ ኒሳእ 32 ሴት ከሠራችው ድርሻ እንዳላት ይነግረናል። የላከችው ብር የቤተሰቡ ምርኮ አይደለም፤ አደራ ነው። በፈቃዷ የሰጠችህን ተቀበል፤ «አስቀምጥልኝ» ያለችህን በስሟ ባንክ አስገባ፣ ጽፈህም ያዝ። ስትደውል መጀመሪያ «ተኝተሻል? በልተሻል? ደሞዝሽን ሰጡሽ?» በላት። አንተም የተገኘውን ሐላል ሥራ ያዝ።

ለመሄድ ያሰብሽ እህቴ፣ ውልሽን አንብበሽ ቅጂውን ለቤተሰብ ተይ። በአገራችን አዋጅ የቪዛውና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ደላላ ለዚህ ብር ከጠየቀሽ ቆም በይ።

ያ አላህ! በሰው አገር ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ጠብቅልን፣ በአገራችንም ሐላል ሪዝቅ ስጠን፣ አማናን ከሚበሉ አታድርገን። አሚን።