ሊፈታ የሚችል ማሰሪያ



በባሕር ዳር የጣናን ዳርቻ ይዞ የሚሄድ ሰው የደንገል ታንኳ ሲሠራ ሳያይ አይቀርም። ሠሪው ደንገሉን እየመረጠ ይደረድራል፤ ገመዱን ይስባል፤ ያጠብቃል። እያንዳንዱ አገዳ ቦታውን የሚይዘው በሰውየው እጅ ነው። አሁን ግን እንዲህ ብላችሁ አስቡ፦ ደንገሉንና ገመዱን ውኃው ላይ በትነን ብንሄድና ስንመለስ ታንኳው ራሱን ሠርቶ ቢጠብቀንስ? በጣና ላይ ይህ አይሆንም። በኬሚስቶች ብርጭቆ ውስጥ ግን የሚመስለው ነገር ይሆናል።

ጃፓናዊው ኬሚስት ማኮቶ ፉጂታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የፓላዲየም አዮኖችንና ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን ውኃ ውስጥ ቀላቀሉ፤ ክፍሎቹም ማንም በእጁ ሳይገጥማቸው ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሠሩ። በ1995 ደግሞ ስድስት የፓላዲየም አዮኖችና አራት ሞለኪውሎች፣ በድምሩ አሥር ክፍሎች፣ ተገጣጥመው ውስጧ ባዶ የሆነች ጎጆ ሆኑ። ስፋቷ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህች ጎጆ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ተቀብላ ታስተናግዳለች።

አንዳንዶቻችሁ «በራሱ ከተሠራ እግዚአብሔር የት አለ?» ትሉ ይሆናል። ብረቱ ማሰሪያ የሚቀበለው በተወሰነ አቅጣጫ ነው፤ ሞለኪውሉም የራሱ ማዕዘን አለው። የቤቱ ሥርዓት በክፍሎቹ ውስጥ ተጽፏል። ሥርዓቱ ከማን እንደ መጣ ብርጭቆው አይነግረንም፤ እኛ በእምነት እንመልሳለን። ዛሬ የያዘኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሚመራቸው እጅ ከሌለ ክፍሎቹ እንዴት አይሳሳቱም?

መልሱ፦ ይሳሳታሉ። መጀመሪያ ላይ ያለ ቦታቸው የሚገጥሙ ብዙ ናቸው። ምስጢሩ ኬሚስቶች ቦንድ በሚሉት ማሰሪያ ላይ ነው። የፓላዲየም ማሰሪያ ሊፈታና እንደገና ሊታሰር ይችላል። ያለ ቦታው የገባው ይለቃል፤ እንደገና ይሞክራል። ቦታውን ያገኘው ደግሞ ከሁሉም ጋር ስለሚያያዝ ይጸናል። በዚህ መንገድ ከብዙ ስህተት መካከል አንዲት ትክክለኛ ጎጆ ትወጣለች።

ፉጂታ ይህንኑ በፕላቲነም ሞከረው። ፕላቲነም የፓላዲየም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ማሰሪያው ግን ይጠብቃል። በተራ የክፍል ሙቀት ትክክለኛው ቅርጽ ብቻውን አልወጣም፤ የተሳሳቱት ግጥሞች እንደ ተቆላለፉ ቀሩ። ወደ ትክክለኛው ቅርጽ የመጡት ለረጅም ጊዜ በሙቀት ከቆዩ በኋላ ነው። ማሰሪያው ስለ ጠበቀ ስህተቱም አብሮ ጠበቀ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ ወንድም ትዝ አለኝ። እኔ በማስተምርበት የወጣቶች ኅብረት መዘምር ነበር። ለጉዞ ከተሰበሰበው ገንዘብ በአደራ የያዘውን አጎደለ፤ ማንም ሳይደርስበት ራሱ መጥቶ ነገረኝ። እኔም ከአገልግሎት እንዲቆም አደረግሁ። ማቆሜ ስህተት አልነበረም፤ አደራ አደራ ነው። ስህተቴ የሚመለስበትን ቀንና መንገድ አለመንገሬ ነበር። ጥቂት እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀረ። እኛም «ወደ ኋላ ተመለሰ» አልን። ኅብረታችን ጥብቅ ነው ብዬ እመካ ነበር፤ ለካ እንደ ፕላቲነሙ ነበርን።

«ታዲያ ሁሉ የሚፈታ ከሆነ ቃል ኪዳን ወዴት አለ?» ብትሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ሊፈታ የሚችል ማለት የላላ ማለት አይደለም። የፓላዲየሟ ጎጆ ከተሠራች በኋላ ትጸናለች፤ አንዱ ማሰሪያ ሌላውን ይደግፋልና። ሊፈታ የሚገባው ኪዳኑ አይደለም። ሊፈታ የሚገባው በአንድ ሰው ላይ ያሰርነው ስም ነው፦ «ሌባው»፣ «ከዳተኛው»፣ «የወደቀችው»።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን እንደገና አንብቡ። ስፍራው የሐይቅ ዳር ነው፤ ዓሣ፣ መረብ፣ የከሰል እሳት አለ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዷል። ጌታ ክህደቱን እንዳልነበረ አላደረገውም፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ነገር ግን በካደበት ቦታ ቆልፎ አልተወውም፤ ቁርስ አብልቶ አደራውን መልሶ ሰጠው።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው ያበቃል። ሞለኪውል ሲሳሳት ማንንም አይበድልም፤ ሲመለስም ይቅርታ አያስፈልገውም። የእኛ መመለስ ግን ዋጋ አለው፤ የበደለው ያፍራል፣ የተበደለው ይተዋል። ያ ዋጋ በመስቀል ላይ ስለ ተከፈለ እኛ ደጁን ልንዘጋ መብት የለንም።

ለዚያ ወንድም ባለፈው ወር ደወልሁለት። ይቅርታ ጠየቅሁት። «አስብበታለሁ» አለኝ። እስካሁን አልመጣም፤ ወንበሩ ግን እንደ ተጠበቀ ነው።

በእናንተስ ኅብረት ከኋላ ወንበር የተቀመጠው፣ ወይም መምጣት የተወው ማን ነው? የሚመለስበትን መንገድ የነገረው አለ? በዚህ ሳምንት ስብሰባችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ስልኩን አንሡና ደውሉለት።