ጤነኛን አካል ስለ ማስወገድና ሐኪምን ስለ መምረጥ

እናቷን ወይም አክስቷን በጡት ካንሰር ያጣች አንዲት ወጣት ተመርምራ ያው አደጋ በውርስ ወደ እርሷም እንደ ተላለፈ ሲነገራት፣ «ገና ያልታመመውን ጡቴን በቀዶ ጥገና ማስወገድ ይገባኛልን?» የሚል ከባድ ጥያቄ ይገጥማታል። ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ስለ ሆነ ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ልናሰላስልበት ወደድን።

ቢአርሲኤ 1 የተባለው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1994፣ ቢአርሲኤ 2 ደግሞ በ1995 ተለይተው ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጉድለት ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱንም ጡቶች አስቀድሞ ማስወገድ አደጋውን 90 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ እናቷን በካንሰር ካጣች በኋላ ይህንኑ ማድረጓን እ.ኤ.አ. በ2013 በጋዜጣ ስትገልጽ ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

«እግዚአብሔር የሰጠንን ጤነኛ አካል መቁረጥ ድፍረት አይደለምን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ወሳኙ ነገር አካሉ ራሱ መታመሙ ሳይሆን መቆየቱ ለመላው ሰውነት ብርቱ አደጋ የሚያስከትል መሆኑ እንደ ሆነ ካስረዱ በኋላ ሦስት ነገሮች እንዲመዘኑ አስተማሩ፤ አደጋው እውነተኛና ከባድ መሆኑ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ወይም በእጅጉ ሊቀነስ አለመቻሉ፣ የሚገኘውም ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት እንደሚበልጥ በአግባቡ ተስፋ የሚደረግ መሆኑ ናቸው።

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ነገሮች ወጣቲቱ ብቻዋን ልትመዝናቸው አትችልም። አደጋውንና ሌላውን መንገድ የሚነግራት ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ እውነቱን ከሸሸገባት ወይም ግማሹን ብቻ ከነገራት ኅሊናዋ በጎደለ ሚዛን ይፈርዳል። ከዚህም የተነሣ ሐኪምን መምረጥ ከውሳኔው በፊት የሚፈጸም ተራ ጉዳይ ሳይሆን የውሳኔው አንድ ክፍል ነው እንላለን። መጽሐፈ ሲራክ በ37ኛው ምዕራፍ ስለ አማካሪ ምርጫ፣ በ38ኛው ደግሞ ሐኪምን ስለ ማክበር ማስተማሩ ለዚህ ጉዳይ የተገጣጠመ ይመስላል።

ታዲያ ምን ዓይነት ሐኪም ይመረጥ? በመጀመሪያ ስለ ዘር ውርስ የሚመክር ባለሙያ፣ ቀጥሎ በጡት ቀዶ ጥገና የተፈተነ ሐኪም፣ ጡቷ እንደገና እንዲሠራላት ከፈለገችም የዚህ ሙያ ባለቤት ያስፈልጓታል። «ይህን ቀዶ ጥገና ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ብጠብቅስ ምን ይደርስብኛል?» ብላ ስትጠይቅ የማይቆጣውን ትምረጥ። በየዓመቱ በኤም አር አይና በማሞግራም መከታተል ሌላው መንገድ እንደ ሆነ፣ ይህም ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት እንጂ ለመከላከል እንደማያገለግል የሚያስረዳትን ትምረጥ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልጅ ማጥባት እንደማይቻል፣ የጡት ስሜትም በአብዛኛው እንደሚጠፋ አስቀድሞ የሚነግራትን ትምረጥ። ሌላ ሐኪም ብታማክር የሚከፋው ግን ከጥቅሟ ይልቅ ክብሩን ያስቀደመ ነው።

ፍርሃት ያስቸኩላል፤ ነገር ግን ካንሰር ገና ያልተገኘባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ለማሰብ ፋታ አላት። «አልፈልግም» ወይም «ቆይቼ እወስናለሁ» ብትል ከሐኪሟ ዘንድ ያው አክብሮት ሊጠብቃት ይገባል። እሺታ እውነተኛ እሺታ የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻል ነውና።

ለእኛስ ምን ቀረልን? እንዲህ ያለች እኅት ወደ እኛ ስትመጣ ቀዶ ጥገናውን ብትመርጥ እምነት እንደ ጎደላት፣ ብትተወው ደግሞ ሕይወቷን እንደ ናቀች አድርገን አንፍረድባት። የምንሰጣት ምክር ባይኖረን እንኳ ወደ ሐኪሙ ስትሄድ አብረናት እንሂድ፤ በፍርሃት ያልሰማችውን እንድንሰማላት፣ መጠየቅ የረሳችውንም እንድናስታውሳት።