ሾፌሩን ከቀሪቦው ማዕድ አስቀምጡት

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣትህን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ከመካነ ሰላም ደሴ ልትመላለስ ነው አሉኝ። ስለ ማርሹና ስለ ፍሬኑ የሚነግርህ አታጣም፤ እኔ ስለ አረቄው ልንገርህ።

ለይቶለት የሰከረ ሾፌር ብዙም አያሰጋኝም። እየተንገዳገደ መሪ ሊይዝ ሲል ተሳፋሪው ያየዋል፣ ረዳቱ ቁልፉን ይቀማዋል። የሚያሰጋኝ ሞቅ ያለው ነው። ይጫወታል፣ ያስቃል፣ ምላሱም አልተሳሰረም፤ «ምንም አልሆንኩም» ሲል ራሱም ያምነዋል። መጠጥ እግር ከመያዙ በፊት ማመዛዘንን ይወስዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ስምንት ሜትር አለፈህ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ስምንት ሜትር ምንም አይደለም። በጉጉፍቱ ጭጋግ ውስጥ፣ ወይም ወደ ጉንደወይን ስትሻገር በዓባይ ቁልቁለት ላይ፣ ስምንት ሜትር ከየት ታመጣለህ?

መጋቢት 2010 ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያንን አደጋ ከመጠጥ ጋር አላያይዘውም። የእኛ መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እንድታውቅ ነው ያነሳሁት። ቆስሎ የተረፈውም ቢሆን፣ ከመካነ ሰላም ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈለት እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል።

አሁን ለምሳ ወደምትቆምበት ምግብ ቤት እንግባ። ተሳፋሪ ይዞ የመጣ ሾፌር ምሳ አይከፍልም፤ ይህን ረዳትህም ያውቃል። ጥብሱ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣልሃል። ሳታዝ ደግሞ ከሳህኑ ጎን አንዲት መለኪያ አረቄ ትቀመጣለች። «ብርድ ነው፣ ይሰብርልሃል» ትልሃለች ባለቤቲቱ፤ ክፋት አስባ አይደለም። ግን ብርዱን አይሰብረውም። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሙቀት የተሰማህ ይመስልሃል እንጂ ሰውነትህ ሙቀቱን እያጣ ነው። ደግሞም «በሞቴ!» ሲመጣ እምቢ ማለት በእኛ አገር ከባድ ነው። ስለዚህ ሰበብ ይኑርህ፦ «ጸበል ጀምሬያለሁ» በል፣ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» በል። ለዚህች ውሸት እኔ ነፍስ አባትህ ፊት ዋስ እሆንሃለሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የማለዳውን ነው። ማታ ደሴ ገብተህ ከጓደኞችህ ጋር አመሸህ፤ ከዚያ ተኛህ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ነህ። እንቅልፍ መጠጡን ያጠፋው ይመስልሃል። ደም ውስጥ የገባ አልኮል በሰዓት የሚቀንሰው በአማካይ በሊትር 0.15 ግራም ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ 1.6 ይዞ የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ገና 0.85 አለበት፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 208 የተቀመጠው ወሰን ደግሞ 0.8 ነበር። ቡናውም ቀዝቃዛ ውሃውም ያነቃህ ይሆናል እንጂ ደምህን አያጠራውም። አንጎበር ይዞህ «አንድ ልድገምና ይለቀኛል» ካልክማ የዚያን ቀን መኪናው ይቁም። ያ ደንብ ጫት ቅሞ መንዳትንም ከልክሏል። ቀን ቅሞ ማታ በጨብሲ የሚያበርደው ሾፌር ሁለቱንም ጣጣ ይዞ ነው የሚነሳው።

አዲስ አበባ ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ትንፋሽ ይለካል። እኛ ጋ ግን በየኩርባው ፖሊስ ሊቆም አይችልም። ጠባቂው ሠርግ ላይ ደጋሹ ነው፣ መንገድ ላይ ረዳቱ ነው፣ ከኋላህ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ሾፌርን ከመጠጥ ለመጠበቅ ደግሞ ወሎ ከሌላው አገር የተሻለ መላ አለው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ አሳርዶ፣ የማያሰክር ቀሪቦ አስጠምቆ፣ ማዕድ ይለያል። ማንም «ለምን አልጠጣህም?» የማይባልበት፣ ወግ ያለው ማዕድ ነው። የአጃቢ መኪና ሾፌሮች እዚያ ይቀመጡ! ቀሪቦው እንደ ልብ ይቀዳላቸው። ብቻቸውን ለስላሳ ይዘው ጥግ ከተቀመጡ ሚዜው ሁሉ ጠርሙስ ይዞ ይመጣባቸዋል፤ ከሙስሊም እንግዶች ጋር ከተቀመጡ ግን ጠርሙስ ይዞ የሚጠጋቸው የለም። ሙሽራ የሚያመጣውን ሾፌር አስክሮ መስደድ ደግሞ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ረዳትህንም ከመጀመሪያው ቀን አስማማው፦ «ከቀመስኩ ቁልፉን ውሰድብኝ፣ ብሳደብም አትመልስልኝ» በለው። ባለመኪናው አንድ ቀን ትርፍ ቢጎድልበት ያኮርፋል፤ ይጽናናልም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን ጠጥቶ ራሱን ሳያውቅ ሰው የገደለ ሾፌር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለመኪናው አብሮህ አይታሰርም።

በጥር ልጃችሁን የምትድሩ የቦረና፣ የለጋምቦና የሳይንት ወላጆችም ይህን ስሙኝ፦ ለሙሽራው አጃቢ መኪና ስትለምኑ፣ ሾፌሩ የት ማዕድ እንደሚቀመጥ በዚያው ዕለት ወስኑ።