«ለልጆቹ ብዬ ነው»

የዘንድሮውን የነሐሴ እረፍት ማቀድ የጀመርኩት በኤክሴል ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ይሁን ወይም ጠባዬ ሆኖ፣ ነገር በረድፍና በዓምድ ካልተቀመጠ አይታየኝም። የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ነው። ሴቷ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ በመስከረም ሁለት ይሞላዋል። ነሐሴ ላይ መዋዕለ ሕፃናቱ ለሦስት ሳምንት ይዘጋል። ያለን ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፦ ወይ ስሎቬኒያ፣ ቦሂን ሐይቅ፤ ወይ እናቴ ያለችበት መናገሻ።

ስሎቬኒያ በቀላሉ አሸነፈች። ቦሂን የሚገኘው በትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ፓርኩ ስሙን ያገኘው 2,864 ሜትር ከፍታ ካለውና በአገሪቱ ባንዲራ ላይ ከተሳለው ተራራ ነው። ከሙኒክ በባቡር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሳቪትሳ ፏፏቴ ለመድረስ ከ500 በላይ ደረጃ መውጣት ስላለ የሕፃን ጋሪ እንደማያዋጣ፣ ትንሹን በጀርባ አዝለን እንደምንወጣ፣ ወደ ቮጌል የሚያወጣውን ኬብል ካር ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንደምንይዝ ሁሉንም ጻፍኩ። ለዋጋ፣ ለጉዞ ርዝመት፣ ለጤና፣ ለአየር ሁኔታና ለተፈጥሮ ነጥብ ሰጠሁ። ስሎቬኒያ 41፣ መናገሻ 23።

በዚያው ሳምንት እናቴ ደወለች።

«ክረምቱን የት ልትሄዱ ነው?»

«ስሎቬኒያ፣ እማዬ።»

«እዚያ ማን አላችሁ?»

«ማንም የለንም። ለልጆቹ ብዬ ነው፤ ተፈጥሮ እንዲያዩ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ተፈጥሮ እዚህ የለም እንዴ?»

ድምጿ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ሴትዮዋ የምር ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

መናገሻ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው። አለፍ ብሎ፣ የወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተከለለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ትልልቅ ጥዶች አሉት፤ ጉሬዛና ድኩላ አለው። እኛ ልጅ ሳለን ከሠፈራችን ወጣ ብለን ጭራሮ እንለቅም ነበር፤ ጥበቃ ሲመጣ እግሬ አውጪኝ እንላለን። ያኔ ስሙ ጫካ እንጂ ተፈጥሮ አልነበረም። እኔ ግን ሰንጠረዡ ላይ፣ «ተፈጥሮ» በሚለው ዓምድ፣ ለመናገሻ የሰጠሁት ከአሥር ሦስት ነበር።

ማታ ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። የጤና ዓምድ ላይ ከኢትዮጵያ ነጥብ የቀነስኩት በወባ ምክንያት ነው። ወባ ግን በአብዛኛው የቆላ በሽታ ነው፤ እናቴ ያለችበት ደጋ ላይ አሳስቦን አያውቅም። ቦሂን አካባቢ ደግሞ የአንጎል ብግነት የሚያመጣ ቫይረስ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ክትባቱም በወራት ልዩነት ተደጋግሞ የሚሰጥ ነው። እሱን «ክትባት አለው» ብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። መናገሻን በነሐሴ ዝናብ ምክንያት ዜሮ አድርጌዋለሁ፤ የጁሊያን አልፕስ ተራሮች ከአውሮፓ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች መካከል መሆናቸውን ግን ዘልዬዋለሁ። ለወንዱ ልጄ ሙሉ የአውሮፕላን ወንበር አስቤለታለሁ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታቅፎ ሲሄድ ከአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛውን ገደማ ብቻ እንደሚከፍል እያወቅሁ።

በሙያችን ይህን የመሰለ ነውር አለ። ኮዱ ቴስቱን አላልፍ ሲል ኮዱን ማስተካከል ትቶ ቴስቱን የሚቀይር ሰው አለ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መልሱን አስቀድሜ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ሐቁን ልናገርና፣ «ተፈጥሮ» ያልኩት ዘመድ የሌለበትን ቦታ ነበር። ተራራው «ለምን ጠፋህ?» አይልም። ሐይቁ የታመመ አጎት የለውም፤ ሻንጣዬን አይቶ «ለእኔስ?» አይለኝም። ከሁሉም በላይ ግን፣ የእናቴን እጅ በስክሪን ሳይሆን በአካል ማየት፣ ምን ያህል እንዳረጀ ማየት ፈርቼ ነበር።

ከአገር ርቆ ማረፍ ኃጢአት አይደለም። ያሳፈረኝ ፍላጎቴን በልጆቼ ስም መጻፌ ነው። ልጅ መከራከር አይችልም፤ ስለዚህ ለወላጅ ምቹ መደበቂያ ነው። ቤት ስንቀይር ለልጆቹ ነው፤ ከሰው ስንርቅ ለልጆቹ ነው፤ ስንሰደድም ለልጆቹ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልጆቹ ስለ ጉዳዩ ምንም አያውቁም።

እስቲ የእውነት ለልጆቹ እናስብ። አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነበትን አያስታውስም፤ ስለዚህ ወንዱ ልጄ ቦሂንንም መናገሻንም ይረሳል። ታዲያ ጉዞው ለእሱ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ዛሬ ጠዋት የበላውንም ገንፎ አያስታውሰውም፤ ሰውነቱ ግን የሚሠራው በሱ ነው። ውሃ መንካት፣ ድንጋይ መወርወር፣ ጭቃ ላይ መውደቅም እንደዚያው ይመስለኛል። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ጭቃ ጭቃ ነው። ትሪግላቭ ባንዲራ ላይ ይኑር አይኑር ምኑም አይደለም። በልጁ በኩል ሁለቱ ቦታዎች እኩል ከሆኑ፣ የሚለያቸው እዚያ የሚጠብቀው ሰው ነው። እሱ አያቱን ቢረሳት፣ እሷ አትረሳውም። ጉዞን የሚያስታውስ ሰው የግድ ተጓዡ መሆን አለበት ያለው ማነው?

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «አየህ» አለችኝ፣ «እስከ ትናንት ለልጆቹ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለእናቴ ሆነ። እኔስ? እኔ መተኛት ነው የምፈልገው። አገር ቤት ስንሄድ እንግዳ ስቀበል፣ ቡና ሳፈላ፣ ስሳም ነው የምከርመው።»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛውም ሰንጠረዤ እንደ መጀመሪያው የራሴን ውሳኔ በሌላ ሰው ስም የጻፈ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ነጥብ መስጠት ትተን ተጠያየቅን። እሷ የምትፈልገው ሦስት ቀን ማንም የማይጠራት ቦታ ነው። ሴቷ ልጄ «እውነተኛ ዝንጀሮ» ማየት ትፈልጋለች፤ ጉሬዛ ይበቃት እንደሆነ እናያለን። እኔ እናቴን ማየት እፈልጋለሁ፤ እፈራለሁም። በመጨረሻ ትኬቱን ወደ አዲስ አበባ ቆረጥን። በትክክል ሲሰላም ከስሎቬኒያ ይወደዳል፤ እሱን አልደብቅም። ልጆቹን አያታቸው ትይዛለች፤ ባለቤቴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ብቻዋን፣ ስልኳን ዘግታ ታርፋለች። መናገሻ ደርሰን ሰው ሲሰበሰብ ይህን ለዘመድ ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው፤ ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ።

ለእናቴ ስነግራት ደስታዋን በእልልታ ትገልጸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «በነሐሴ?» አለችኝ። «ጭቃውን ረሳኸው እንዴ? ቦቲ ጫማ ይዘህላቸው ና።»

ትናንት ገዛሁ፤ ሁለት ጥንድ፣ ቢጫ። ትንሹ አውልቅ ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ ከነጫማው ተኝቷል።